ለመጠገን የተሠራው መኪና፦ የፎርድ ሞዴል ኤ እድሳት ምን ሊጠብቅ ይገባል?

የፎርድ ኩባንያ ከ15 ሚሊዮን በላይ ያመረተውን ሞዴል ቲን እ.ኤ.አ. በ1927 አቁሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞዴል ኤን ለገበያ አቀረበ፤ እስከ 1932 መጀመሪያ ድረስም ከ4 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት የአሜሪካ መኪናዎች መካከል ዛሬም በብዛት ሲነዱ ከሚታዩት አንዱ ይኸው መኪና ነው። የሞዴል ኤ ባለቤቶች ስለ እድሳት ሲያስቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመኙት መኪናውን ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት ወደነበረው መልኩ መመለስን ነው፤ ይህ ምኞት ግን ከመኪናው አሠራር ጋር ይጋጫል። ሞዴል ኤ ገና ሲነደፍ እንደሚያልቅ፣ እንደሚላላና በየጊዜው እንደሚስተካከል ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ ታማኝ የሚባለው እድሳት የአገልግሎት ዘመኑን ፍቆ የሚያጠፋው ሳይሆን መኪናው ወደፊትም እንዲጠገን መንገዱን ክፍት የሚተወው ነው።

ይህን ባሕርይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የሞተሩ ውስጥ ነው። ሞተሩ አራት ሲሊንደርና 3.3 ሊትር ይዘት ያለው፣ 40 የፈረስ ጉልበት የሚያመነጭ ሲሆን፣ የፒስተኖቹን ግፊት ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዋናው ዘንግ፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ፣ በሦስት ብሮንዚናዎች ላይ ያርፋል። ብሮንዚና የሚባለው ዘንጉን ደግፎ በዘይት ላይ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የለስላሳ ብረት ገጽ ነው። በዛሬዎቹ ሞተሮች ይህ ገጽ ተዘጋጅቶ የሚሸጥና ሲያልቅ በሌላ የሚተካ ነው፤ በሞዴል ኤ ግን ባቢት የተባለው፣ በአመዛኙ ከቲን፣ በጥቂቱም ከመዳብና ከአንቲሞኒ የተቀየጠ ብረት ቀልጦ በቀጥታ በሞተሩ አካል ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያም በዘንጉ ልክ ይስተካከላል። የብሮንዚናው ክዳን ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ስፔሶር የሚባሉ ስስ የብረት ቅጠሎች ይገባሉ፤ ባቢቱ ተበልቶ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር መካኒኩ የዘይት ቋቱን አውርዶ፣ ከቅጠሎቹ ጥቂቱን አውጥቶ ክፍተቱን ያጠብበዋል። የብልሽቱ መፍትሔ ከመኪናው ጋር አብሮ የተሠራ ነው።

ባቢት የማፍሰስ ሙያ ያላቸው ሰዎች እያነሱ በመምጣታቸው ብዙ ባለቤቶች የሞተሩን አካል አስቆርጠው በዘመናዊ ብሮንዚና እንዲሠራ ያደርጉታል። ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ሰው ጥቅሙ አይካድም፤ ሆኖም የተቆረጠ ብረት ተመልሶ አይቀጠልም፤ ከዚህም የከፋው ጉዳት በሙያው ላይ የሚደርሰው ነው። ባቢት አፍሳሽ ሙያውን ለተተኪው ማስተላለፍ የሚችለው ሥራ ሲያገኝ ብቻ በመሆኑ፣ በአሮጌው መንገድ የሚታደስ እያንዳንዱ ሞተር ከመኪናው ጋር አንድን እውቀትም ያተርፋል፤ ይህ ጥቅም በሁለቱ መንገዶች መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት እጅግ ይበልጣል።

የዕለት ተዕለት እንክብካቤውም ከዚሁ አሠራር የመነጨ ነው። ሞተሩ የዘይት ማጣሪያ የለውም፤ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ቫልቮቹ ክፍል ካነሣው በኋላ ዘይቱ በራሱ ክብደት ወደ ዋናዎቹ ብሮንዚናዎች ይወርዳል፤ ፒስተኖቹን ከዘንጉ ጋር የሚያገናኙት ቢየላዎች ደግሞ ከታች ዘይት እየጠለቁ ይረጫሉ። ቆሻሻውን የሚያስቀር ነገር ስለሌለ ፋብሪካው ዘይቱ በየ500 ማይሉ፣ ማለትም በየ800 ኪሎ ሜትሩ ገደማ እንዲለወጥ አዝዞ ነበር፤ ትእዛዙም ዛሬ ሊከበር ይገባል። ቤንዚኑ የሚቀመጠው ከፊት መስታወቱ ሥር በተሠራ ጋን ውስጥ ሲሆን፣ ያለ ፓምፕ ቁልቁል ወደ ካርቡራቶሩ ስለሚወርድ፣ መኪናው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ጋኑ ከዛገ ዝገቱ የሚሄደው ወደዚያው ነው። በዚህ ምክንያት አዘውትሮ መንዳት ራሱ ከጥገና ይቆጠራል፤ ለዕይታ ብቻ ተቆልፎ የሚቀመጥ መኪና በዝምታ ይበላሻል።

በውጫዊው አካል ረገድ ብዙ የሚያከራክረው ቀለሙ ነው። በዚያ ዘመን አካሉ ፒሮክሲሊን ላከር በሚባል ቀለም ሲቀባ ፓራፋንጎዎቹ ጥቁር ኢናሜል ይቀቡ ነበር፤ ዛሬ የሚቀባው ብርሃን የሚያንጸባርቅ ዘመናዊ ቀለም ፋብሪካው ራሱ ያላወጣውን ድምቀት ለመኪናው ይሰጠዋል። እንዲህ ያለው መኪና ያምራል፤ ስለ ዘመኑ የሚነግረው ግን ከመደብዘዝ በቀር ጉዳት ከሌለበት አሮጌ ቀለም ያነሰ ነው። ላሜራው ከበሰበሰ መቁረጥና መበየድ ግዴታ ነው፤ በስቱኮ መሸፈን ግን ገዢን ማታለል ነው።

ይህ ሲባል ግን ምንም ነገር አይነካ ማለት አይደለም፤ የሰው ሕይወት ይቀድማል። የሞዴል ኤ ፍሬን በአራቱም ጎማ ላይ ያለ ዘይት፣ በብረት ዘንጎች የሚሠራ ነው፤ ቀድሞ የነበሩት ከላሜራ የተሠሩ ታምቡሮች ሲሞቁ ስለሚሰፉ ፍሬኑ ይዳከማል። እነሱን ከቀለጠ ብረት በተሠሩ ወፍራም ታምቡሮች መተካት ተገቢ ነው፤ ቀዳሚዎቹ በመደርደሪያ ተቀምጠው በፈለጉበት ጊዜ ሊመለሱ ይችላሉና። ወሳኙ መለኪያም ይኸው ነው፦ ሊመለስ የሚችል ለውጥ ይፈቀዳል፤ አካሉን ለዘለቄታው የሚቆርጥ ለውጥ ሌላ መንገድ እስኪጠፋ ድረስ ይዘገያል።

በአሜሪካ የሞዴል ኤ ማኅበራት ያዘጋጁት የእድሳት መመሪያና የዳኝነት መስፈርት የየዓመቱን ቀለም፣ ብሎንና ጨርቅ ሳይቀር መዝግቦ በማቆየቱ ታላቅ ውለታ ውሏል፤ ያ እውቀት ለውድድር ሽልማት ብቻ መዋሉ ግን ይጎዳዋል። ሞዴል ኤ በእጁ ያለ ሰው አንዲት ብሎን ከመፍታቱ በፊት ያለውን ሁኔታ ፎቶግራፍ ያንሣ፣ የሠራውን ሁሉ በቀንና በልክ ይጻፍ፣ ያወጣቸውን ክፍሎች አይጣል፤ መኪናውን ሲሸጥም ሆነ ሲያወርስ መዝገቡንና ክፍሎቹን አብሮ ያስረክብ።