አይጥ ትይዛለች ወይ?

በዚህ በትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ ብዙ ከባድ ከባድ ርዕሰ ጉዳዮች ሲቀርቡ ቆይተዋል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ስለ አንዲት ያረጀች ድመት ነው። የሚስቅ ይሳቅ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ለዚህች ድመት ቤት ለማግኘት አምስት ወር ፈጅቶብኛል። በነዚያ አምስት ወራት አንድ ጥያቄ ደጋግሜ ሰማሁ፦ «አይጥ ትይዛለች ወይ?» በእኔ አመለካከት ያረጁ ድመቶችን ቤት ከሚያሳጣቸው ከዕድሜያቸው ይልቅ ይህች ጥያቄ ናት። ለምን እንደዚያ እንደምል ከነታሪኩ ላስረዳ።

ድመቷ ውሮ ትባላለች። መቼም እኛ ሰፈር ውሮ ያልተባለች ድመት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። የዶሮ ማነቂያ ተወላጅ ናት። ያሳደጓት እማማ የተወለደችበትን ጊዜ የሚያስታውሱት በኳስ ነው፤ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ የሄዱበት ዓመት፣ 2005 ዓ.ም.። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ፒያሳ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደተለያየ የከተማው ክፍል ሄደ። የእማማ ዕቃ አይሱዙ ላይ በሚጫንበት ቀን ውሮ በጩኸቱ ደንግጣ ተሰወረች። ቢጠሯት፣ ሳህን ቢያንኳኩላት ወይ ፍንክች። መኪናው ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። በሦስተኛው ቀን፣ ወጥ ቤቱ በነበረበት ቦታ፣ በድንጋይና በቆርቆሮ መካከል ቁጭ ብላ ተገኘች።

ያገኟት ልብስ ሰፊው ጋሼ ናቸው። ሱቃቸው ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። ከስፌት መኪናቸው ሥር በዚያን ጊዜ ሌሎች ሁለት ድመቶች ነበሩ፤ እነሱም ሰው ከሄደበት ቤት የቀሩ። መጠለያ የምላችሁ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሦስት ካርቶን፣ ቁርጥራጭ ጨርቅና ከልኳንዳ የሚመጣ ሳንባ። እማማ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ስለነበረች ድመት ቤት እንዳይገባ ተባለ። እማማ ደወሉና «ልጄ በሞቴ፣ ሜዳ ላይ እንዳትጥሏት» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

መጠየቅ ጀመርኩ። የክፍል ጓደኞቼን፣ ዘመድ አዝማዱን፣ ባለ ሱቁን፣ ዳቦ ቤቱን። ሁሉም «አይጥ ትይዛለች ወይ?» ይላል። ቀጥሎ «ስንት ዓመቷ ነው?» አሥራ አንድ ስል ፊቱ ይለወጣል፤ «ትንሽ የለሽም?»

በሰዎቹ አልፈርድም። ጥያቄው የቆየ ነው። የቤት ድመት የአፍሪካ የዱር ድመት ዘር እንደሆነች በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት አሳይቷል፤ ይህ አውሬ ዛሬም በአገራችን ይኖራል። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ድመት ወደ ሰው የተጠጋችው ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር፣ የጎተራውን አይጥ ተከትላ ነው። ታዲያ በቆጵሮስ ደሴት ከሰው መቃብር አጠገብ ተቀብራ የተገኘች 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረች ድመት አለች፤ ግኝቱ ይፋ የሆነው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ጊዜ ጉድጓድ ቆፍሮ የቀበራት ሰው የአይጡን ነገር ብቻ እያሰበ ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። አራተኛው ወር ላይ ታከተኝ። አንድ ባለ ሸቀጣ ሸቀጥ አይጥ አስቸገረኝ ሲል ሰማሁና «ጋሼ ዘንድ ጎበዝ ድመት አለች፣ አራት ዓመቷ ነው፣ አይጥ የሚባል አታሳልፍም» አልኩት። ዋሸሁ። ሰውዬው ደስ ብሎት ወሰዳት። በስምንተኛው ቀን በካርቶን ይዟት መጣ። የስኳር ጆንያው በአይጥ ተበስቶ፣ ውሮ እዚያው ጆንያ ላይ ተኝታ ነው ያገኛት። አልተቆጣም። «እህቴ፣ አሮጊት ናት ብትዪኝ ኖሮ እናቴ ብቻቸውን ናቸው፣ ለሳቸው እወስድላቸው ነበር» አለኝ። «ታዲያ አሁን ውሰድላቸው» ስለው ራሱን ነቀነቀ። «አሁንማ ምንሽን ልመን? በሽታ ቢኖርባትስ?» ውሮ ያን ቀን ቤት ያጣችው በእኔ ውሸት ነው።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንላለን። የምንለው ለነቀፋ ነው። እኔ ግን ያን ማታ ሳስበው ለአሮጊት ድመት ከዚህ የተሻለ ምስክርነት አጣሁ። የሁለት ወር ድመት ስታድግ ምን እንደምትሆን ማን ያውቃል? መጋረጃ ትቀድ፣ ልጅ ትቧጭር፣ ገና ወደፊት የሚታይ ነው። የውሮ አመል ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ታይቷል፤ አይለወጥም። ስለዚህ ከእማማና ከጋሼ ጠይቄ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ጻፍኩ፦ «ዕድሜዋ 11። ግራጫ። አይጥ አትይዝም። ሌሊት አትጮህም። ሕፃን ጭራዋን ቢጎትት ትሸሻለች እንጂ አትቧጭርም። አንድ ጥርሷ ስለወለቀ ሥጋው ተከትፎ ይሰጣት። ውሻ ትፈራለች። ቡና ሲፈላ አጠገብ መቀመጥ ትወዳለች።»

እውነት መናገር ማለት ጉድለቱንም መናገር ነው። ከ10 ዓመት በላይ የሆናት ድመት በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ ከአረጋውያን ትቆጠራለች። ኩላሊትና ጥርስ በዚህ ዕድሜ ያስቸግራሉ፤ ውኃ አብዝታ መጠጣት ከጀመረች ወይም ከከሳች ሐኪም ይያት። በደንብ ከተያዘች ግን 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። ምግቧንም ማወቅ ያስፈልጋል። ድመት ሥጋ በል ናት፤ በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ አትኖርም። ወተት ብዙዎቹን ያደጉ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። ጾም ሲገባም ቤተሰቡ ይጾማል እንጂ ድመት አትጾምም።

የነፍሰ ጡሯን ጉዳይ እንዲሁ አልፌው አልሄድም፤ ብዙ ድመቶች የሚባረሩት በዚህ ምክንያት ነውና። ስጋቱ መሠረት አለው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ፅንስንም ሊጎዳ ይችላል። ይሁን እንጂ ድመት ተሕዋሱን የምታወጣው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ሲይዛት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ይህም በአብዛኛው በልጅነቷ ያልፋል። የወጣውም ቢሆን ሰው ለመያዝ ከ1 እስከ 5 ቀን ይወስድበታል፤ ስለዚህ በየቀኑ ከተጠረገ፣ የሚጠርገውም ሌላ ሰው ከሆነ፣ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ሰው በሽታውን ከጥሬ ሥጋና በደንብ ካልታጠበ አትክልትም ያገኘዋል። እንግዲህ አሮጊቷን ድመት አስወጥተን ክትፎውን በጥሬው የምናቀርብ ከሆነ ነገሩን ገልብጠነዋል ማለት ነው። የእማማ ልጅ ግን ለፅንሷ ፈርታ ነው፤ ውሳኔውም የእሷ ነው፤ ማንም ሊወቅሳት አይገባም።

ዘመዶቼ «ምን ታደክሚያለሽ? ድመት አይደለች? የትም ትኖራለች» ይሉኝ ነበር። አንዱ አጎቴማ በጆንያ ከቶ አትክልት ተራ አካባቢ ሊለቅልኝ ፈቃደኛ ሆኖ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን እሺ ልለው ደርሼ ነበር። ድመት ከሰው ይልቅ ቦታ ትለምዳለች ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ውሮ ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ያለችው ለዚህ ነው። ጥርሷ የወለቀ፣ ውሻ የምትፈራ ድመት በማታውቀው ቦታ ተጥላ ትኖራለች ማለት ራስን ማታለል ነው። ለሰውም አይበጅም። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ ውሻ ይላል እንጂ ድመትንም ይይዛል፣ ድመትም ለሰው ታስተላልፋለች። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የተከተበችና ባለቤት ያላት ድመት ለሰፈሩ ሁሉ ደህንነት ናት። የነከሰ ወይም የቧጨረ እንስሳ ካለ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

አንድ ጓደኛዬ በቁም ነገር «ሰው ቤት አጥቶ አንቺ ለድመት ቤት ትፈልጊያለሽ?» ብሎኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አላፌዝበትም። መልሴ ግን ይህ ነው። ለውሮ ቤት መፈለግ የማንንም ቤት አልነጠቀም። የተፈለገው ካርቶንና አንድ እውነተኛ ማስታወቂያ ነበር። በዚያ ላይ ሰፈራቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ ዕድራቸውን ትተው የሄዱት እማማ በስልክ ስለ ቆርቆሯቸው አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። የሚጠይቁኝ ስለ ውሮ ነበር።

ማስታወቂያውን ልኳንዳው በር ላይ ለጠፍኩት። በሁለተኛው ሳምንት ከአፍንጮ በር አንዲት ጡረታ የወጡ የጽሕፈት ሠራተኛ መጡ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ እንዳነበቡት ነገሩኝ። እኔ አንዴ ተቀጥቻለሁና «እትዬ፣ አይጥ አትይዝም» ብዬ ደግሜ አስጠነቀቅኋቸው። «እኔስ መች እይዛለሁ?» አሉኝ።

ውሮን አስከትበን፣ የተኛችበትን ጨርቅ ሳናጥበው አብረን ወሰድንላት፤ የራሷ ሽታ በአዲሱ ቤት እንዲጠብቃት። ለሦስት ሳምንት ከአንድ ክፍል አልወጣችም፤ ቦታውን ሳትለምድ ብትወጣ ትጠፋ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልጋ ሥር ነው ያሳለፈችው። ማንም አልጎተታትም። በአሥረኛው ቀን ቡና ሲፈላ ብቅ አለች።

በ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ እማማ ከከተማው ዳር ሁለት ታክሲ ይዘው ሊያዩዋት መጡ። ውሮ እጃቸውን አሸተተቻቸውና ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተኛች። እማማ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ተመስገን፣ ለምዳለች» አሉ።

ከጋሼ ድመቶች አንዷ ባለፈው ዓመት ቤት አግኝታለች። አንዱ ቀርቷል፤ ጋሼም ዓይናቸው እየደከመ ሱቁን ለመዝጋት እያሰቡ ነው። ስለዚህ መምህራንም ተማሪዎችም እንድታነቡት የሱን ማስታወቂያ እዚህ አኖራለሁ፦ «ወንድ፣ ዕድሜው 9 ገደማ። ጥቁርና ነጭ። የተኮላሸና የተከተበ። ያንኮራፋል። ክር ያያል እንጂ አይበላም። እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል፣ በሳምንቱ ይወጣል። አይጥ፦ ደስ ሲለው።»