አንድ ብር ለሁለት መንግሥት፤ ከመቱ ሆኖ ሲታይ

በኅዳር 1990 ዓ.ም. መቱ ነበርኩ፡፡ አባቴ ቡና ሰብሳቢ ነበር፡፡ ወቅቱ በኢሉባቡር ቡና የሚለቀምበት በመሆኑ ከአሌ፣ ከያዩና ከቡሬ አቅጣጫ ጀንፈል በአጋሰስም በአይሱዙም ይገባል፤ ዓመቱን ሙሉ የማይታይ ጥሬ ብር በከተማው ይዘዋወራል፡፡ በዚህ መሀል ነው የብር ኖቶች መቀየራቸው የተሰማው፡፡ አባቴ ማታ ማታ አሮጌውን ብር እየቆጠረ ያስራል፣ ጠዋት ባንክ ይሰለፋል፡፡ ባላገሩ ደግሞ ቡናውን አራግፎ ‹‹አዲሱን ካልሆነ አልወስድም›› ብሎ ይቀመጣል፡፡

ብሩ ለምን እንደተቀየረ ስጠይቀው አባቴ ‹‹ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ስላወጣች ነው›› አለኝ፡፡ መልሱ ትክክል ቢሆንም ለእኔ አልበቃኝም፡፡ መቱ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አስመራ ያለችው በሌላኛው ጫፍ ነው፡፡ የአስመራ ካዝና ከመቱ ጀንፈል ጋር ምን አገናኘው? ከዚያ በኋላ ስለመጣው ጦርነት ብዙ ተብሏል፡፡ ስለ ገንዘቡ የምናወራው ግን ጥቂት ነው፡፡ ከገንዘቡ በኩል ያለው ትምህርት ዛሬም የሚያስፈልገን ስለመሰለኝ ይህንን ጻፍኩ፡፡

ልጓሙ ብረቱ ውስጥ የነበረው ገንዘብ

ኢሉባቡር ከሌላ አገር ገንዘብ ጋር የተዋወቀው ቀድሞ ነው፡፡ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ፡፡ የጎሬና የአካባቢው ቡና በቡሬ በኩል ቁልቁል ወርዶ፣ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር፡፡ የአቢሲኒያ ባንክ ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ፣ ጋምቤላ ላይ ወኪል ነበረው፡፡ ንግዱ የሚካሄደው በጠገራ ብር፣ ማለትም በማርያ ቴሬዛ ነው፡፡ ከቀይ ባህር ወዲህም ወዲያም ብዙ አገሮች ይጠቀሙበት የነበረ፣ ግን አንዳቸውም የማያዙበት ገንዘብ ነበር፡፡

ጠገራ ብር አንድ ጠባይ ነበረው፡፡ ማንም መንግሥት ባጀት ስላጠረው ብቻ ከባዶ ሊፈጥረው አይችልም፤ ልጓሙ ብረቱ ውስጥ ነበር፡፡ የወረቀት ገንዘብ እንዲህ ያለ ልጓም የለውም፤ በሕግ ሊበጅለት ይገባል፡፡ አንድ አገር ብቻውን የሚጠቀምበትን ገንዘብ ልጓም ቢያላላ የሚጎዳው የራሱን ሕዝብ ነው፡፡ ሁለት መንግሥታት ሲጋሩት ግን አንዱ ያለ ልክ ያወጣውን ሌላው አብሮ ይከፍላል፡፡

የጋራ ብር፣ የየግል ካዝና

ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን የራሷ ሰንደቅ ዓላማ፣ የራሷ ጦርና የራሷ ባጀት ኖራት፤ ገንዘቧ ግን ብር ሆኖ ቀጠለ፡፡ በዚያው ዓመት ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የትብብር ስምምነት ተፈራረሙ፡፡ ንግዱ ነፃ እንዲሆን፣ ኢትዮጵያ በአሰብ ወደብ እንድትገለገል፣ የኢኮኖሚ ፖሊሲዎችም እንዲጣጣሙ ታስቦ ነበር፡፡ በትግል የተዛመዱ ሁለት ግንባሮች ሥልጣን ላይ ስለነበሩ ብዙው ነገር በመተማመን ይሄዳል የሚል ስሜት ነበር፡፡

ገንዘብ የሚጋሩ መንግሥታት ሊመልሷቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ፡፡ ገንዘቡን ማን ያትማል? እያንዳንዱ መንግሥት ምን ያህል መበደር ይፈቀድለታል? የውጭ ምንዛሪውን ዋጋ ማን ይወስናል? በ1985 ዓ.ም. የመጀመሪያው ጥያቄ በልማድ ተመለሰ፤ አታሚው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነበር፡፡ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ተንጠልጥለው ቀሩ፡፡ ሁለቱም መንግሥታት ድምፅ የሚኖራቸው አንድ ማዕከላዊ ባንክ አልተቋቋመም፤ የባጀት ጉድለትን የሚገድብና የጣሰውን የሚቀጣ የጋራ አካልም አልነበረም፡፡ ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፡፡

በዚህ ክፍተት የተጎዳሁ እኔ ነኝ የሚል በሁለቱም ወገን ነበር፡፡ ከአስመራ ሲታይ የወለዱ መጠንና የብር ምንዛሪ ተመን አዲስ አበባ ላይ ተወስነው ይመጣሉ፤ ኤርትራ በማታዝበት ገንዘብ ትኖራለች፡፡ ከአዲስ አበባ ሲታይ ደግሞ ያው ብር አስመራ ላይ በሌላ ተመን ይመነዘራል፤ አንድ ገንዘብ ሁለት ዋጋ አለው፡፡

ሦስተኛው አቤቱታ የእኛን ሰፈር የሚነካው ነው፡፡ ብር በሁለቱም አገሮች ሕጋዊ ገንዘብ እስከሆነ ድረስ አንድ ነጋዴ ቡና በብር ገዝቶ፣ በኤርትራ በኩል ወደ ውጭ ልኮ፣ ዶላሩን እዚያው ሊያስቀር ይችላል፡፡ ‹‹ኤርትራ ቡና ሳታበቅል ቡና ላኪ ሆነች›› የሚለው ቅሬታ በዘመኑ በሰፊው ይሰማ ነበር፡፡ መጠኑ ዛሬም ያከራክራል፤ መንገዱ ክፍት መሆኑ ግን አያከራክርም፡፡

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፡፡ የመቱ ሰብሳቢም ሆነ የአሌ ገበሬ በዚህ አልተከፋም፤ ገዢ ሲበዛ ዋጋ ይጨምራልና፡፡ የጎደለው በጋራው ማጀት ነው፡፡ ቡናው ሲሄድ በምትኩ ሊገባ የሚችለው የማዳበሪያ፣ የነዳጅና የመድኃኒት መግዣ ዶላር ለኢትዮጵያ አይደርስም፡፡ ጉዳቱ በቡናው ዋጋ ላይ ሳይታይ ዞሮ በሚገዛው ዕቃ ላይ ይመጣል፡፡ ሕግ አልባ የገንዘብ ጋብቻ ክፉ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ከፋዩ መክፈሉን አያውቅም፡፡

አውሮፓውያን ጽፈው የጣሱት

‹‹ሕግ ቢጻፍ ኖሮ ይበቃ ነበር ወይ?›› ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል፡፡ የአውሮፓ ልምድ ‹‹አይበቃም›› ይላል፡፡ አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1992 በማስትሪክት ውል የአባል አገሮች የባጀት ጉድለት ከአጠቃላይ ምርታቸው ከ3 በመቶ፣ ዕዳቸው ደግሞ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰኑ፡፡ ሁሉም አባል ድምፅ ያለው ማዕከላዊ ባንክ ፍራንክፈርት ላይ አቋቋሙ፡፡ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2003 ጀርመንና ፈረንሳይ ራሳቸው 3 በመቶውን አልፈው ሲገኙ የገንዘብ ሚኒስትሮቹ የቅጣቱን ሒደት አገዱት፡፡ ትልቁ ካልተቀጣ ትንሹ ለምን ይፈራል? እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ የግሪክ የባጀት ጉድለት ቀደም ሲል ከተነገረው እጅግ የበለጠ መሆኑ ታወቀ፤ በተከታዩ ዓመት አገሪቱ ብድር ለማግኘት የጡረተኛዋን አበል ጭምር ቆረጠች፡፡

አውሮፓውያን ሕግ ነበራቸው፤ ያነሳቸው ትልቁንም ትንሹንም እኩል የሚይዝ ዳኛ ነው፡፡ ኢትዮጵያና ኤርትራ ግን ሕጉም ዳኛውም አልነበራቸውም፡፡ ስለዚህ ጠቡ ሲነሳ የሚመራበት መዝገብ ጠፋ፡፡

አሮጌው ብር ለምን ተቀየረ?

ኤርትራ ናቅፋን ሥራ ላይ ያዋለችው ጥቅምት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው፡፡ ፍላጎቷ ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ እንዲመነዘሩና ንግዱ በሁለቱ ገንዘቦች እንዲቀጥል ነበር፡፡ ኢትዮጵያ አልተቀበለችም፡፡ ከ2,000 ብር የማይበልጠው የድንበር ጥቃቅን ንግድ ሲቀር፣ ሌላው ግብይት በውጭ ምንዛሪና በባንክ መተማመኛ ሰነድ እንዲሆን ወሰነች፡፡ የብር ኖቶቿንም ቀየረች፡፡

የልጅነት ጥያቄዬ መልስ ያገኘው ይህንን ከተረዳሁ በኋላ ነው፡፡ ኤርትራ ውስጥ የቀረው አሮጌ ብር ተራ ወረቀት አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ገበያ ጤፍም ቡናም ሊያነሳ የሚችል የይገባኛል ሰነድ ነው፡፡ ኖቱ ባይቀየር ያ ሁሉ ብር ተመልሶ መቱና በደሌ ድረስ ዕቃ ሊገዛበት ይችል ነበር፡፡ ሲጋቡ ‹‹ብንለያይ ማን ምን ይወስዳል›› የሚል አንቀጽ ስላልተጻፈ፣ ፍቺው በኖት ቅየራ ተፈጸመ፡፡ አባቴ ባንክ በር ላይ የተሰለፈው ለዚህ ነበር፡፡

ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ፡፡ ጦርነቱን ያመጣው ገንዘቡ ብቻ ነው አልልም፤ የድንበሩም የፖለቲካውም ጠብ ነበር፡፡ ነገር ግን የንግዱ መስመር አስቀድሞ በመቋረጡ ሁለቱን መንግሥታት የሚያነጋግር የጋራ ጥቅም ተመናምኗል፡፡ አሰብም ለኢትዮጵያ ተዘጋ፤ ገቢና ወጪ ዕቃው ወደ ጂቡቲ ዞረ፡፡

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሰላም ሲታወጅና መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የድንበር ኬላዎች ሲከፈቱ ሕዝቡ በደስታ ተላቀሰ፡፡ ነጋዴውም ወዲያው ጭነቱን ይዞ ወጣ፡፡ ብርና ናቅፋ በምን ተመን ይመንዘሩ፣ ቀረጡስ ለማን ይከፈል የሚለው ግን እንደገና ለመተማመን ተተወ፡፡ ኬላዎቹ በወራት ውስጥ ተመልሰው ተዘጉ፡፡

ከራሳችን ጓዳ

ነገሩ የጎረቤት ብቻ አይደለም፡፡ እኛም እርስ በርስ ብር የምንጋራ ክልሎች ነን፡፡ ለክልሎች ሕጉ ጥብቅ ነው፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ገንዘብ ማተምን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል፤ ክልሎች ከአገር ውስጥ የሚበደሩበትን ሁኔታም የሚወስነው የፌዴራሉ ሕግ ነው፡፡ አንቀጽ 96 በወጪና ገቢ ዕቃዎች ላይ የሚጣለውን ታክስ ለፌዴራሉ ይሰጣል፡፡ የኢሉባቡር ወረዳዎች ቡናውን ያመርታሉ፤ ለመምህርና ለጤና ባለሙያ ደመወዝ የሚጠብቁት ግን በቀመር ተከፋፍሎ የሚወርደውን የድጎማ ባጀት ነው፡፡ የመቱ ማዘጋጃ ቤት ካዝናው ቢጎድል ብር ማተም አይችልም፡፡ ተገቢ ነው፡፡

ጥያቄው ማዕከሉን ማን ይገድበዋል የሚለው ነው፡፡ ለብዙ ዓመታት የፌዴራል መንግሥት የባጀት ጉድለቱን በከፊል ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ብድር ሲሸፍን ኖሯል፡፡ ከባጀቱ ውጭ ደግሞ የልማት ድርጅቶች ከንግድ ባንክ ይበደሩ ነበር፡፡ ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ያዩ አለች፡፡ በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ ያመርታል የተባለው የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ በ2004 ዓ.ም. ለሜቴክ ተሰጠ፡፡ ከአሥር ዓመት በላይ አለፈ፤ ማዳበሪያ አልወጣበትም፡፡ ዕዳው ግን አለ፡፡ በ2013 ዓ.ም. የልማት ድርጅቶችን ዕዳ የሚረከብ ኮርፖሬሽን እስከ መቋቋም የተደረሰው እንዲህ ያሉ ብድሮች ተከማችተው ነው፡፡ አንድ ቦታ የባከነው ብር የዋጋ ንረት ሆኖ መቱም መቀሌም አሶሳም ገበያ ይወርዳል፡፡

ቡና ላይ የመጣውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ የብር ዋጋ ለረዥም ጊዜ ከአቅሙ በላይ ተይዞ ስለነበር አንዳንድ ላኪዎች ቡናን በኪሳራ ሸጠው፣ ባገኙት ዶላር ሌላ ዕቃ አስመጥተው ያተርፉ ነበር፡፡ አምራቹ በማያየው ተመን ላኪና አስመጪ ይጠቀማሉ፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፡፡ የዓለም የቡና ዋጋም ተወድዶ ስለነበር አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች፡፡ ያው ገበሬ ግን ማዳበሪያውንም የመኪናውን ኪራይም በአዲሱ ተመን ከፈለ፡፡

በጎ ጅምር የለም አልልም፡፡ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ በሚበደረው ላይ ጣሪያ አስቀምጧል፡፡ ነገር ግን የአውሮፓን ታሪክ ያነበበ ሰው ጣሪያውን ከማንበብ አልፎ ‹‹ጣሪያው ሲጣስ ማን ይናገራል?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም፡፡ መልሱ ምክር ቤቱ፣ ዋናው ኦዲተርና ጋዜጣው ካልሆኑ ማንም አይደለም፡፡

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት እ.ኤ.አ. በ2013 የጋራ ገንዘብ ለመጀመር ሲፈራረሙ የጉድለት ጣሪያውን 3 በመቶ፣ የዕዳውን 50 በመቶ አድርገው አስቀድመው ጻፉ፡፡ በ2024 ይጀመራል ያሉት ስላልደረሰ ወደ 2031 ገፉት፡፡ ዘገዩ ብለን አንሳቅባቸው፡፡ ሳይዘጋጁ ከመጋባት መዘግየት ይሻላል፤ እኛ ይህንን በራሳችን አይተነዋል፡፡

አንድ ቀን ከኤርትራም ሆነ ከሌላ ጎረቤት ጋር ስለ ወደብ፣ ስለ ነፃ ንግድና ስለ ገንዘብ መነጋገራችን አይቀርም፡፡ ያን ጊዜ ሦስቱ ጥያቄዎች ከፊርማው በፊት ይመለሱ፤ አራተኛም ይጨመር፣ ‹‹ብንለያይስ?›› የሚል፡፡ አባቴ የቆጠራቸው አሮጌዎቹም ሆኑ በምትካቸው የወጡት የአምስት ብር ኖቶች ቡና የሚለቅም ሰው ሥዕል አለባቸው፡፡ መንግሥታት ሲጋቡም ሲፋቱም ያንን ሰው የጠየቀው አልነበረም፡፡ በሚቀጥለው ውል ላይ ሊጠየቅ ይገባዋል፡፡