የኮምፒውተር ውሃ ጥም ባይቆርጥም

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጌም ነው?» አለኝ ታናሽ ወንድሜ፣ ላፕቶፔ ላይ ቀይና ነጭ ኳሶች ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ አይቶ። ጌም አይደለም፣ ውሃ ነው አልኩት። ቀዩ ኦክስጅን፣ ሁለቱ ነጮች ሃይድሮጅን። «ታዲያ ውሃ ለማየት ብርጭቆ አይቀልም?» ብሎ አሳቀኝ። የሚያናድደኝ ግን ይህንኑ ከተማሩ ሰዎች ስሰማው ነው፦ «ላብራቶሪ ሳትገባ ምኑን ሳይንስ ሠራኸው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬዛ ጋዲሪና ባልደረቦቹ ስምንት አሚኖ አሲዶችን በቀለበት ቅርጽ አያያዙ። ቀለበቶቹ እንደ አምባር በራሳቸው ተደራርበው ቱቦ ሆኑ። የፔፕታይድ ናኖ ቱቦ የሚባለው ይሄ ነው። የውስጡ ስፋት 0.7 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉራችን ወደ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይቀጥናል። እዚያ ውስጥ የምትሄድን አንዲት የውሃ ሞለኪውል እግር በእግር የሚከተል ማይክሮስኮፕ የለም።

ስለዚህ ይሰላል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ አቶም ላይ ያረፈውን ኃይል ያሰላል፣ በኒውተን ሕግ ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል፣ እንደገና ያሰላል። የሰከንድን አንድ ቢሊዮንኛ ብቻ ለማየት ይህን ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይደጋግማል። በ1995 የጋዲሪ ቡድን በዚህ መንገድ ባደረገው ጥናት፣ ውሃው ቱቦው ውስጥ እንደ ቧንቧ ውሃ ዝም ብሎ እንደማይፈስ ታየ። አንድ ቦታ ላይ አንድ ሞለኪውል፣ ቀጥሎ ሁለት፣ እንደገና አንድ እያለ ይሰለፋል። የ2013 የኬሚስትሪ ኖቤልም የተሰጠው ለኮምፒውተር ሞዴል ሥራ ነው። ታዲያ ይሄ ጌም ነው?

እኔ የምለው፣ ኬሚካልና መሣሪያ ከውጭ እስኪመጣ የመመረቂያ ጊዜው ለሚደርስበት ተማሪ ይህ እውነተኛ በር ነው። ግሮማክስ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል። የሚያስፈልገው ኮምፒውተር፣ መብራትና ትዕግሥት ነው። በሩን «የውሸት ላብራቶሪ» እያሉ መዝጋት ግፍ ነው።

ግን እኛም አንዋሽ። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ቲፕ ስሪ ፒ የተባለ የውሃ ሞዴል አለ። በዚህ ሞዴል የውሃ ሞለኪውሎች ከእውነተኛው ውሃ ከእጥፍ በላይ ፈጥነው ይንቀሳቀሳሉ። ቱቦውን በእሱ ሞልቶ «የኔ ቱቦ ውሃን በፍጥነት ያሳልፋል» የሚል ተማሪ፣ የሚያመሰግነው ቱቦውን ይሁን ሞዴሉን በምን ያውቃል?

ሌላም አለ። ውሃ እንዲህ በቀጭን ቱቦ ሲያልፍ ስናይ «የባሕር ውሃ ማጣሪያ ተገኘ» ለማለት እንቸኩላለን። ያው የጋዲሪ ቡድን ግን በ1994 እነዚህ ቱቦዎች ሶዲየምና ፖታሲየምንም እንደሚያሳልፉ በላብራቶሪ አሳይቷል። ሶዲየምን ካሳለፈ ጨውን ምኑን አጣራው? ቱቦው መለወጥ አለበት። የትኛው ለውጥ መሞከር እንደሚገባው አስቀድሞ ለመገመት ነው ሲሙሌሽን የሚጠቅመው። ፍርዱን የሚሰጠው ልኬት ነው።

እናም መምህራን ሆይ፣ «ላብራቶሪ ገብተሃል ወይ?» የሚለውን ተዉትና «የትኛውን ሞዴል ተጠቀምክ? ለምን ያህል ጊዜ አስኬድከው? ከተለካ ነገር ጋር አስተያየኸው?» ብላችሁ አፋጡን። እኛም የሚያምር ቪዲዮ አሳይተን አንቀመጥ። በሌላ ሞዴል እንድገመው፤ ውጤቱ ከተቀየረ መቀየሩን እንጻፍ።

ለመጀመር ቱቦ አያስፈልጋችሁም። በ1971 ራህማንና ስቲሊንገር የፈሳሽ ውሃን ሲሙሌሽን ሲሠሩ የነበራቸው 216 ሞለኪውል ብቻ ነው። ግሮማክስን ስታወርዱ 216 የውሃ ሞለኪውል የያዘ የተዘጋጀ ሳጥን አብሮ ይመጣል። አስኬዱት፣ የሞለኪውሎቹን ፍጥነት አስሉ፣ ከተለካው ጋር አስተያዩት። ልዩነት ታገኛላችሁ። ከየት እንደመጣ መፈለግ ስትጀምሩ፣ ወንድሜ ለጠየቀኝ ጥያቄ መልሱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።