ብልቃጡ ለአንድ ሕፃንም ይከፈታል

«የነቀርሳ ክትባት ዛሬ አንሰጥም። በሚመጣው ሳምንት ነይ።» ይህን መልስ ሰምተው የተመለሱ እናቶች አሉ። ክትባቱ ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበር። ታዲያ ሐኪሙ ለምን መለሳቸው? ዛሬ ይህን እናነባለን።

የክትባቱ ስም ቢሲጂ ነው። ካልሜትና ጌራን የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ሠሩት። ለሕፃን መጀመሪያ የተሰጠው በ1913 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ነው።

ቢሲጂ ነቀርሳን ሁሉ አያስቀርም። ሕፃናትን ቶሎ ከሚገድሉት ሁለት ዓይነቶች ግን በጣም ይከላከላል። አንዱ የአንጎልን ሽፋን ይይዛል። ሁለተኛው በደም ገብቶ መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ስለዚህ ሕፃን እንደ ተወለደ ይከተባል። አርባ ቀን እስኪሞላው አይጠበቅም።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንምጣ። አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለ20 ሕፃናት ይበቃል። መድኃኒቱ ዱቄት ነው፤ ለእሱ በተዘጋጀ ውኃ ይበጠበጣል። ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። የተረፈው ይጣላል። አንዳንድ ሐኪም እንግዲህ «ለአንድ ልጅ ብዬ ብከፍተው የ19ኙ ይባክናል፤ ሌሎች ይምጡ» ይላል።

ቁጠባ ጥሩ ነው። ግን እናቲቱ አራስ ናት። ልጇን ታቅፋ ረጅም መንገድ መጥታለች። በሚመጣው ሳምንት ወንዙ ይሞላ ይሆናል፤ አጨዳው ይደርስ ይሆናል። ካልተመለሰች መድኃኒቱ ተረፈ፣ ልጁ ግን ሳይከተብ ቀረ። ይህ ምን ቁጠባ ነው? የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ትርፉ ቢባክንም ብልቃጡ ይከፈት ብሏል።

እርግጥ ሐኪሙ በቂ ምክንያት የሚኖረው ጊዜ አለ። የልጁ ክብደት እጅግ ያነሰ ወይም እናቲቱ ነቀርሳ የያዛት እንደሆነ ክትባቱ ሊቆይ ይችላል። ቀላል ጉንፋን ግን አያስከለክልም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ «ነገ ነይ» ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። በአክብሮት ጠይቁ። «ዶክተር፣ ምክንያቱ ከልጄ ነው ወይስ ከብልቃጡ?» በሉ። ከልጁ ከሆነ ምክሩን ስሙ። ከብልቃጡ ከሆነ እንዲከፈት ለምኑ። በሰፈሩ ሌላ አራስ ካለች ተጠራርታችሁ ሂዱ። ከሌለች ግን ብቻችሁንም ሂዱ።

ከተከተበ በኋላ ካርዱን ተቀበሉ። ዛሬ ማንበብ ትችላላችሁ። ቀኑ ተጽፏል? ካልተጻፈ አስጽፉ።

እንወያይ፦
1. ሕፃን ቢሲጂ መቼ ይከተባል?
2. ሐኪም ብልቃጡን የማይከፍተው ለምንድን ነው?
3. በሰፈራችን ያልተከተበ ሕፃን አለ?