የእባብ ሊቅና የገበሬው ሣጥን

ሰሞኑን በምግብ አዳራሽ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የሳይንስ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ወደፊት ስለ እባብ ማጥናት እፈልጋለሁ ቢል ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። «ለእባብ የሚያስፈልገው ዱላ እንጂ ዲግሪ አይደለም» ላለው ጨዋታ ዐዋቂም ተጨበጨበለት። እኔም የአርትስ ተማሪ ነኝና አብሬ ሳቅሁ። ኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስለ አንድ ሐኪም ባነብ ግን በሳቄ ዐፈርሁ። ይህን ጽሑፍ እንደ ንስሐ ቍጠሩልኝ። ዘመኑን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሐኪሙ ቪታል ብራዚል ይባላል። በ1865 በብራዚል አገር ተወልዶ፣ በ1891 በሪዮ ዴ ጃኔሮ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ። ቦቱካቱ በምትባል የገጠር ከተማ ሲሠራ በእርሻ የሚውሉ ሰዎች በእባብ እየተነደፉ ይመጡበት ነበር፤ የሚሰጣቸው መድኃኒት ግን አልነበረውም።

በዚያው ዘመን ካልሜት የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ የመርዝ ማርከሻ ሴረም አውጥቶ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ፈረስን በጥቂት መርዝ ይወጉትና መጠኑን ቀስ በቀስ ይጨምሩበታል። የፈረሱ ደም መርዙን የሚያከሽፍ ኀይል ያበጃል። ከደሙ ተጣርቶ የሚወጣው ፈሳሽም ለተነደፈው ሰው መድኃኒት ይሆናል። ካልሜት በእስያ ኮብራ መርዝ የሠራው ሴረም ለሌላውም እባብ ይበቃል የሚል እምነት ነበረው። ቪታል ብራዚል ይህን ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ፈተነው። ለብራዚል እባቦች አልሠራም። እንዲያውም በዣራራካ መርዝ የተሠራው ሴረም በካስካቬል የተነደፈውን እንደማያድን፣ የካስካቬሉም የዣራራካውን እንደማያድን አስረዳ። መድኃኒቱ ከመሠራቱ በፊት እባቡ መታወቅ አለበት ማለት ነው።

በ1901 በሳኦ ፓውሎ አጠገብ የቡታንታን ተቋም ሲመሠረት የመጀመሪያው ዲሬክተር እርሱ ሆነ። ታዲያ ይህን ሁሉ እባብ ከየት ያመጣል? ከገበሬው ጋር ተዋዋለ። ገበሬው እባቡን በሕይወቱ ይዞ በሣጥን አድርጎ በባቡር ይልካል፤ ተቋሙም በምላሹ ሴረም ይልክለታል። ቪታል ብራዚል ሙሱራና የሚባለውን እባብም አጥንቷል። ሙሱራና መርዘኛ እባቦችን እየያዘ የሚበላ፣ ሰውን ግን የማይጐዳ ፍጥረት ነው። ያገኙትን እባብ ሁሉ በዱላ መፍጀት ወዳጅን ከጠላት ጋር መግደል መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

«እኛ ድኾች ነን፤ መድኃኒቱን መግዛት አይቀለንም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በእባብ መርዝ በያመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይሞታል። ድርጅቱ በ2017 ይህን ሕመም ችላ ከተባሉት የቈላ በሽታዎች መዝገብ አግብቶታል። ችላ የተባለበትም ምክንያት የታወቀ ነው፤ የሚነደፈው ገበሬው፣ እረኛውና የቀን ሠራተኛው ነው። በአገራችንም በአብደራፊ በኩል ለእርሻ ሥራ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በእባብ እየተነደፉ ይታከማሉ። ማርከሻው የሚመጣው ከውጭ ነው። የገዛ እባቡን የማያውቅ ገዢ ሻጩ እውነት መናገሩን በምን ይመረምራል? በባሌ በሐረና ጫካ የሚኖር አንድ እፉኝት በሳይንስ ስም የወጣለት በ2016 ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ፍርሃታችን ከዕውቀታችን በብዙ ቀድሟል።

የአርትስ ተማሪዎችስ ምን አገባን? ያገባናል። እረኛው እያንዳንዱን እባብ በየቋንቋው የሚጠራበትን ስም ማን ይሰበስባል? የተነደፈውን ሰው ቍስሉን ከመብጣትና ከማሰር ይልቅ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ በሚገባው ቋንቋ ማን ይመክረዋል? ቪታል ብራዚልን የረዳው ፈረሱ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው አምኖት ሣጥኑን መላኩ ነው። ያንን እምነት የሚያስገኘው ደግሞ የሰውን ቋንቋና ልማድ ማወቅ ነው።

እንግዲህ ለዚያ ጓደኛችን የምለው፦ በርታ፣ አጥና። ለሳቅነው ለእኛ ደግሞ፦ ሳቁን ትተን፣ እርሱ ገጠር የወረደ ቀን ከገበሬው ጋር የሚያግባባው ሰው እንዳያጣ ከአሁኑ እንዘጋጅ።