በቀቀን ከካድሬ ትሻላለች

ስብሰባ ላይ የተባለውን ብቻ የሚደግመውን ሰው «በቀቀን» እያልን እንስቅበታለን። እኔ ግን የተሰደበችው ወፏ ናት ባይ ነኝ! በቀቀን የሰማችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትለዋለች። የባለቤቷን ሐሜት እንግዳ ፊት ስትዘረግፈው ቤቱ በሳቅ የሚሞላውም ለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የሞተው አሌክስ የተባለው በቀቀንማ መቶ ያህል ቃላት ያውቅ ነበር፤ ጥያቄ ሲበዛበትም «ልመለስ» ይል ነበር። የኛ ካድሬ ይህችንም አይደፍራት!

በ2015 ዓ.ም. የእርሻ ወቅት የአማራ ገበሬ «ማዳበሪያ አጣን» ብሎ ሲጮህ ሰምተናል። ካድሬው ግን የላዩን ወደ ታች እንጂ የታቹን ወደ ላይ መድገም አልለመደም። እስቲ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ላይ፣ በገበያው ቀን አንዲት በቀቀን ከነሽቦ ቤቷ እናስቀምጥ። ማታ የሰማችውን ለአለቆች ትድገምላቸው። ያን ጊዜ ማን እንደሚስቅ እናያለን።