ትንፋሽ ስበን «አዎ» ስንል

 

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ ለሥራ ኢንተርቪው ቀረበች። ጠያቂዋ እንግሊዛዊት ነበሩ። «ኮምፒውተር ትችያለሽ?» ሲሏት፣ እንደ ልማዷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ «ህእ!» አድርጋ ሳበች። ሴትየዋ ደነገጡ። «ምነው፣ ደህና ነሽ?» አሏት። እሷም ደህና ነኝ ለማለት ያንኑ «ህእ!» ደገመችላቸው። ይኼኔ ውሃ ሊያመጡላት ብድግ!

ነገሩ ወዲህ ነው። እኛ «አዎ» ያልንበት ትንፋሽ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ «ጋስፕ» ነው። ጋስፕ ማለት አየር ባንዴ ወደ ውስጥ መሳብ ሲሆን፣ እነሱ ዘንድ ምልክትነቱ የድንጋጤ ወይም የሕመም ነው። ይህ ግን የኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ፤ ሰሜን ስዊድን ውስጥም ሰው ትንፋሹን ስቦ «አዎ» ይላል። ስለዚህ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከፈረንጅ ጋር ስታወሩ ብቻ ትንፋሹን በ«የስ» አጅቡት።

ቃሉ ሌላም ሥራ አለው። እንግሊዞች «አይም ጋስፒንግ» ካሉ ጉሮሯቸው ደርቆ ሻይ አምሯቸዋል ማለት ነው። የኳስ ወዳጆች ደግሞ «ላስት ጋስፕ» ጎልን ታውቃላችሁ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የምትገባዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ማንቸስተር ዩናይትድ ባየር ሙኒክን 2 ለ 1 የረታው በባከነ ሰዓት ባገባቸው ሁለት ጎሎች ነበር።

ቀልዱን እዚህ ላይ እናቁም። ልቡ የቆመ ሰውም ለጥቂት ደቂቃ አልፎ አልፎ አፉን ከፍቶ አየር ሲስብ ሊታይ ይችላል። እንግሊዝኛው ይህንንም ጋስፕ ይለዋል፤ እኛ «ያጣጥራል» እንላለን። ታዲያ ብዙ ሰው «ተመስገን፣ ይተነፍሳል!» ብሎ ቆሞ ያያል። ኧረ በፍጹም! ይህ ደህና ትንፋሽ አይደለም። የወደቀው ሰው ሲጠሩትና ሲነቀንቁት ካልመለሰ፣ አንዳችሁ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ። ሌላችሁ በጀርባው አስተኙትና እጅ ለእጅ ደርባችሁ የደረቱን መሐል ጠንከርና ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ። ያቺ ጥቂት ደቂቃ ወንድማችሁን ወይም እናታችሁን ልታተርፍ ትችላለች።

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት!